ሮዳጅ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍሪሲዮን የረገጠ፣
የግራ ጉልበቴ፣ ልስልሱ አልቆ የተሟጠጠ፣
አዲስ አበባ ወስደው ፈተው ቀየሩልኝ፤
ከብረት፣ ከፕላስቲክ አዲስ ሠሩልኝ።

እኔ ጣርማበርን በጉም፣ በጨለማ
ስንቴ የወረድኩት፣ ልቤ ሳያቅማማ፣
ያን ቀን ግን ከወገብ በታች ተለይቼ
ዋሻ ውስጥ ገባሁ፣ መሪውን ለሰው ትቼ።

ጠባሴ፣ ቤቴ ገባሁ። የሐኪም ቤቱ መርፌ ሲያልቅ
ያኔ ነው የጀመረው እውነተኛው ጭንቅ።
አንድ የማላየው መካኒክ፣ ጉልበቴ ውስጥ ተቀምጦ፣
ቡሎን ያጠብቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ አምጦ።

ኪኒኑስ ነበረ። አስካለ በካርቶን ላይ ሰዓቱን ጽፋ
ከራስጌዬ ሰቅላለች፦
ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ቀን ስድስት፣ ማታ አሥራ ሁለት፣ ሌሊት ስድስት።
እኔ ግን ዞር ስትል፣ «ወንድ ልጅ ይችላል» ብዬ፣
ከፍራሹ ሥር ሸጎጥኩት፣ እንደ ልጅ አታልዬ።
በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ እንደ ሳንቃ ደርቆ
እንባዬ ጺሜ ውስጥ ወረደ፣ ከኔም ተደብቆ።

ሰብለወንጌል መጣች፣ እግር የምታሠራው ልጅ፣
ማዕዘን መለኪያ ይዛ።
«ሠላሳ ስምንት» አለች። «ዘጠና ነው የምንፈልገው።»
ፍራሹን ገለጠች።
ዘጠኝ ኪኒን ቆጠረች።
አልተቆጣችም።
«ጋሽ ወሰንየለህ፣ ጣርማበርን ሲወርዱ
ማርሽ የሚቀንሱት መቼ ነው?
ፍሬኑ ከጋለ፣ ከጨሰ በኋላ?»
«ምን ነካሽ! ያኔማ አልቋል።
ከአፋፉ ላይ ነው እንጂ፣ ገና መኪናው ሳይጎትት።»
«እንግዲያውስ» አለችና ውሃውን አቀበለችኝ።
ዋጥኩ።
ግማሽ ሰዓት ጠብቃ እግሬን ያዘች።
«ቀስ» አለች፣ «ጉልበት በጉልበት አይታጠፍም።»

ጉልበት የሚባል ቃል ሁለት ቤት ያድራል፤
አንዱ ጋ ይታጠፋል፣ አንዱ ጋ ይኩራራል።
እኔ በሚኮራው ኖሬ፣ ሠርቼ በላሁበት፤
የሚታጠፈውን ረሳሁት፣ ዘይት አላየሁለት።

ጎረቤት ይመጣል። «ብርድ ነው» ይላል አንዱ፣
«ብረትና ብርድ ደግሞ መቼ ይዋደዱ!»
ሌላው ቅቤ ያመጣል፣ ሌላዋ ዳማከሴ፤
እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ፤ ቁስሉ ግን ለራሴ።

የዚህ ከተማ ብርድ፣ ስረግመው የኖርኩት፣
በሱ የተነሣ ሞተር በእሳት ያስነሣሁት፣
አሁን በኅዳር ውርጭ፣ ውሃ በሳፋ ደጅ ታድራለች፣
ስትነጋ ፊቷ ላይ መስታወት ለብሳለች።
አስካለ በዘነዘና ትሰብራታለች፣
በፎጣ ጠቅልላ እብጠቱ ላይ ታሳርፋታለች።
ይጎድላል። ትንሽ ይጎድላል።
የደብረ ብርሃን ብርድ፣ ይኸው በስተርጅና ታረቅን።

ጌጡም መጣ፣ የጥንት ረዳቴ፣
ዳገት ላይ ሲይዘን ታኮ ይዞ የሚዘል።
ከአልጋዬ እስከ በሩ፣ በክራንች፣
ከኋላዬ ሆኖ ይጮኻል፦
«ና! ና! ግራ ስበር! ና! በቃ!»
አሥራ አንድ እርምጃ።
ስስቅ ሊጥለኝ ነበር።
«አይቸኩሉ» ይላል፣ «ሮዳጅ ያልጨረሰ ሞተር አይጋለብም።»

ሕመሙ አልሄደም። ማን ይሄዳል አለ?
ጋቢና ከጎኔ ተቀምጧል፣ እንደ ዝምተኛ ተሳፋሪ፤
እስካሁን «ወራጅ» አላለም።
ብቻ መሪውን አይነካም።

ትናንት ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ለቀጣዩ ኪኒን ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣
ወደ ደሴ የሚያልፍ የጫነ መኪና
ከመታጠፊያው ላይ ማርሽ ሲቀንስ ሰማሁ።
እግሬ ከብርድ ልብሱ ሥር፣
ሳላዘው፣ ሳልለምነው፣ መለኪያ ሳይለካው፣
ተነሣ፣ ታጠፈ፣
ፍሪሲዮን ረገጠ።

አመመኝ።
አስካለን አልቀሰቀስኳትም፤
ማርሹ እስኪገባ ጠበቅኩ።